ግብር ሰብሳቢ የሆንኩበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ እህቴ ቤት ስገባ ከኩሽናው የሻይ ቅጠልና የረጠበ ወረቀት ሽታ ተቀበለኝ። የእህቴ ልጅ ነጭ ወረቀት የኬክ መጋገሪያ ትሪ ላይ ዘርግቶ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ ያፈስበታል። ለትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ የጥንት ይመስላል፤ ከዚያ አሜሪካኖች ለእንግሊዙ ንጉሥ "ከእንግዲህ አንገዛልህም" ያሉበትን ቃል ይጽፍበታል። "ስሜል አድርጊው እስቲ" አለኝ። አጎንብሼ አሸተትኩትና ቀና ማለት አቃተኝ። እህቴ ወገቤን ያመመኝ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ።

ወገቤን አልነበረም። ኦክላንድ ተመልሼ ነው፤ አምስተኛ ክፍል፣ እትዬ ይታይሽ ከእኛ ጋር የኖሩበት ክረምት።

እትዬ ይታይሽ የእናቴ አክስት ናቸው። ከጎጃም የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ሰውን የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነው። ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እሳቸው አልጋዬን ወሰዱ፣ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። እናቴ ሪችመንድ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ አባቴ ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ስለዚህ እኔን ከትምህርት ቤት የማምጣቱ ሥራ ለእትዬ ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ በእኛው መንገድ ዳር ስለሆነ ግድግዳውን በጃንጥላቸው እየዳሰሱ ይደርሳሉ። ማን ማንን እንደሚያመጣ ግን አይታወቅም። እሳቸው በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው በሌላው ትከሻዬን ይይዛሉ። መንገዱን እኔ አይላቸዋለሁ፤ መኪናውን እሳቸው ይሰሙልኛል።

ዝናብ በጥር መዝነቡ በጣም ይገርማቸው ነበር። "የእናንተ አገር ክረምቱን የት ጥሎት መጣ?" ይሉኛል። እኔ "አይ ዶንት ኖው" እላለሁ። "አይደንኖ" ብለው ይደግሙታል፣ የቦታ ስም ይመስል።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኝ ነበር። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ወደ ኦክላንድ የሚወርደው ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ትከሻዬን ጭምድድ አድርገው ይዘው ወደ ግድግዳ ይጠጋሉ። ድምፁ እስኪርቅ አይንቀሳቀሱም። ሲመጡ መንገዱን ሙሉ እንዳስመለሳቸው እናቴ በስልክ ስታወራ ሰምቼ ነበርና ያንን እያስታወሱ የሚያማቸው መሰለኝ። ስለዚህ በኪሴ ማስቲካ መያዝ ጀመርኩ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ እሰጣቸዋለሁ። ተቀብለው ያኝኩታል።

የዚያን ወር ሚስ ዴልጋዶ፣ አስተማሪያችን፣ ክፍሉን ቅኝ ግዛት አደረገችው። ለእያንዳንዳችን የወረቀት ኩባያና አንድ ጭብጥ ቦሎቄ ሰጠችን። አርብ ከሰዓት ቦሎቄ የተረፈው ሰው ፖፕኮርን እየበላ ፊልም ያያል፤ ያለቀበት ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል። ንጉሣችን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሃርሎው ነበሩ። እኛ ግን አናያቸውም። ትእዛዛቸው ብቻ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተለጥፎ እናገኘዋለን። እርሳስ የሚቀርጽ ቦሎቄ ይከፍላል። ውኃ ሊጠጣ የሚወጣ ይከፍላል። በማግስቱ ደግሞ ወረቀት የሚጠቀም ይከፍላል ተባለ።

ሰብሳቢዎች ያስፈልጉ ነበር። ሚስ ዴልጋዶ ኢታን የሚባለውን ልጅና እኔን መረጠችን። ኢታንን የመረጠችው ደፋር ስለሆነ ነው፤ እኔን ደግሞ ዝምተኛና ታማኝ ስለሆንኩ ነው አለች። ትከሻችን ላይ ቀይ የወረቀት ጥብጣብ አሰረችልን። ከሰበሰብነው ጥቂቱ ለራሳችን ይቀራል። ከዚያ በፊት በዚያ ክፍል ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም ነበር።

ማታ አባቴ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተጋድሞ ነበር። "ዳዲ፣ ታክስ ኮሌክተር በአማርኛ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ግብር ሰብሳቢ" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ግብር የሚለውን ቃል አውቀው ነበር፣ ወይም የማውቀው መስሎኝ ነበር። በጋ ላይ ሳን ሆዜ አንድ ትልቅ ሰርግ ሄደን ሽማግሌዎቹ የተሰቀለውን ሥጋና በየጠረጴዛው የተደረደረውን ጠጅ አይተው "ይሄ ሰርግ አይደለም፣ ግብር ነው እንጂ" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ግብር ማለት እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠግብበት ድግስ ነው። ግብር ሰብሳቢ ደግሞ ሰዎችን ለድግሱ የሚሰበስብ። ሹመቴ እንዲህ ያማረ ስም እንዳለው ሳውቅ ለእትዬ እስክነግራቸው ቸኮልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። "እትዬ፣ እኔ ግብር ሰብሳቢ ሆንኩ" አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። "ማን ሾመሽ?"

"ሚስ ዴልጋዶ።"

"በገመድ ነው በዓይን?"

"ምኑ?"

"የምትለኩት።"

አሰብኩና "በቦሎቄ" አልኩ።

ብርቱካኑን ግማሹን እንደተላጠ ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ድግሱ ላይ ያልጠራኋቸው መስሏቸው የተቀየሙኝ መሰለኝና "እርስዎም ይመጣሉ" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እናቴ ከሥራ ገብታ ነገሩን ስትሰማ እስኪያንቃት ሳቀች። "ግብር ድግስም ነው፣ ታክስም ነው፤ ሁለቱም ይባላል" ብላ አስረዳችኝ።

"ሁለት ነገር እንዴት አንድ ስም ይኖረዋል?"

"እኔ እንጃ" አለች።

እትዬ ከሶፋው ላይ ሆነው "አንደኛው ሌላኛውን ስለሚቀልብ ነዋ" አሉ። ብርቱካኑን ካስቀመጡ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

እናቴ መሳቋን ተወች። እኔ ግን አልገባኝም። በማግስቱ በመንገድ ላይ "ለምን ተቆጡኝ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አማርኛዬ ሲደነቃቀፍ እየጠበቁኝ ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው እየተራመዱ መናገር ጀመሩ። የዚያ ክረምት ወሬያቸው ሁሉ የመንገድ ነው። ቤት ስንገባ ያቋርጡታል፤ በማግስቱ በር ላይ ስንገናኝ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

"ግብር ድሮም እንከፍል ነበር" አሉኝ። "ርስት ያለው ይከፍላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። እኔ ባገባሁ በዓመቱ የመጣው ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ታዘዘ ተባለ። ሰዎቹ መጥተው ማሳችን ዳር ይቆሙና ይሄ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ይላሉ። ጤፉ ገና ማበቡ ነው። በረዶ ይምታው፣ አንበጣ ይብላው፣ እነሱ በዓይናቸው አይተው ጨርሰዋል። እኛ ገመድ ይዘው መጥተው መሬታችንን ይለኩታል ብለን ነበር የፈራን። በዓይን ባሰ።"

"ኮምፕሌይን አላደረጋችሁም?"

ቃሉን ገምተው ገባቸው። "ሽማግሌዎቻችን አቤት ሊሉ ከተማ ወረዱ። ደጅ ሲጠኑ ከርመው ስንቃቸው ሲያልቅ ተመለሱ። ንጉሡ አያውቁም ይሆናል አልን። ክፉዎቹ መሐል ያሉት ናቸው አልን። እንዲያ እያልን ስንቱን ቀን ጠበቅን።"

እኔ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። ሚስ ዴልጋዶ ያንኑ ነበር የነገረችን። የአሜሪካ ሰዎችም በመጀመሪያ ንጉሡን አልጠሉትም፤ ባሕር አቋርጦ ልመና ላኩ፤ ንጉሡ ቢሰማ ይራራልን ነበር አሉ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሶሻል ስተዲስ ነው" አልኳቸው።

"ምን ነው ያልሽው?"

"ትምህርቴ።"

"እንግዲያው በደንብ ተማሪው" አሉና ገፋ አድርገው አስኬዱኝ።

ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ኪያራ ናት፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ኪያራ ሥዕል ትስላለች። በደብተሯ ጠርዝ፣ በፈተናው ጀርባ፣ በእጇ መዳፍ ላይ ትስላለች። እርሳሷን ተጭና ስለምትይዘው ቶሎ ቶሎ ይሰበርባታል፤ ሁልጊዜ መቅረጫው ጋ ናት። እኔም ጥብጣቤን አስተካክዬ ኩባያዬን እዘረጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን እየሳቀች ጣለችልኝ። ቀስ በቀስ መሳቋ ቀረ። አንድ ቀን ኩባያዋን ገልብጣ አራገፈችልኝና "ይኸው ውሰጂው፣ አለቀ" አለችኝ። ከዚያ እርሳስ መቅረጽ ትታ በተሰበረው ትሞነጭር ጀመር።

ለእትዬ ይህንን ስነግራቸው አልፈረዱብኝም። ከዚያ ታሪካቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

"ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው ተማማሉ። አንከፍልም አሉ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ዱላውን ይዞ ዱር ገባ። ሙሉጌታም አብሯቸው ወጣ።" ሙሉጌታ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"ሴቶቹስ?"

"እኛማ እንስራችንን ገለበጥን።"

አልገባኝም ነበርና አስረዱኝ። ገማቾቹና አጃቢዎቻቸው ባላገሩ ላይ ነው የሚያድሩት። ውኃ የሚቀዳላቸው፣ እህል የሚፈጭላቸው የመንደሩ ሴቶች ናቸው። አንድ ጠዋት የእትዬ አማት ወጥተው እንስራቸውን ደጃቸው ላይ አፉን ወደ መሬት ደፉት። ጎረቤታቸው አይታ የሷን ደፋች። ፀሐይ ሳትበረታ በየደጁ ያለው እንስራ ሁሉ ተደፍቶ ነበር። ወንዝ የወረደች ሴት የለችም። ልጆች ሲያለቅሱ ከጎረቤት መንደር በቅል እያመጡ አጠጧቸው። "ሹማምንቱ ጮኹ፣ ዛቱ፣ አንዷን በጥፊ መቷት። እሷም እንስራዋ ላይ ተቀመጠችበት። በሦስተኛው ቀን በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። ውኃ የጠማው ሰው ብዙ አይዝትም።"

ይህን ሲሉ ጃንጥላቸውን እንደ በትር መሬት ላይ ተከሉት። ዓይናቸው የማያይ ሰው አይመስሉም ነበር።

"ከዚያ አሸነፋችሁ?"

"ከዚያማ አውሮፕላን ላኩብን።"

"አውሮፕላን ለምን?"

"ሊጥልብን።"

"ምን?"

"እሳት" አሉ። "የአማቴ ቤት ተቃጠለ። እህሉም፣ ከብቱም። ዝቅ ብሎ ነበር የሚመጣው።"

ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ማስቲካውን ያዝኩት። የዚያን ቀን አልሰጠኋቸውም። እጃቸውን ይዤ ቤት ገባን።

ታሪኩ የተጨረሰው ዝናብ ሲያባራ አንድ አርብ ቀን ነው። ወራት ቆይቶ ግብሩ ተሰረዘ ተባለ፣ ገዢውም ተነሥተው ወደ ሌላ ተዛወሩ። ዱር የገቡት ተመለሱ። "ሙሉጌታ ግን አልተመለሰም" አሉ።

ከእኛ ሕንፃ ሄደው ያልተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ኪራይ ሲወደድባቸው ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሳክራሜንቶ ይሄዳሉ፣ ልጆቻቸው እንደምንገናኝ ምለው ይሰናበቱናል፣ ከዚያ አናያቸውም። "ሳክራሜንቶ ሄደ?" አልኳቸው።

"እሱ ደግሞ ምን ያለ አገር ነው?"

"ኪራይ የሚረክስበት።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲህ ኪራይ የሌለበት ነው የሄደው" አሉ።

በልቤ ዕድለኛ ነው አልኩ።

"ግብሩ ቀረ፤ ነገሩ ግን አልበረደም" ብለው ቀጠሉ። "ሰው አንዴ እምቢ ካለ፣ ሁለተኛው አይከብደውም። ሌላው አገርም የየራሱ ብሶት ነበረው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አብዮት መጣ።"

አብዮትን አውቀዋለሁ። ታችኛው ፎቅ የሚኖር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ለልጆች ከረሜላ የማያጣ ሰውዬ ነው። "ጋሼ አብዮት ጎጃም ነበር?"

እትዬ በዚያ ክረምት ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ቆመው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሳቁ። "ሰው አይደለም ልጄ። ንጉሡን ያወረደው ነው። በዚያ ዓመት ለተወለደ ልጅ ስሙን ያወጡለት ነበር።" ሳቃቸው ሲያልቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እሱም መጥቶ ዝም አላለም። በተራው ሌላ ግብር ጠየቀን። እህል አልነበረም የጠየቀን።" ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም የዚህኛውን ትርጉም ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አዲስ ትእዛዝ ተለጥፎ ነበር። ሰብሳቢዎች ከእንግዲህ እየጠበቁ አይቀበሉም። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ ስንት ጊዜ እርሳስ እንደሚቀርጽ፣ ስንት ጊዜ ውኃ እንደሚጠጣ አይተው ይገምታሉ፤ የገመቱትን አስቀድመው ይወስዳሉ። ኢታን ወዲያው ጀመረ። በረድፉ እያለፈ ልጆቹን ከላይ እስከ ታች ያያል፣ ቁጥር ይጠራል።

እኔ ኪያራ ፊት ቆምኩ። አዲስ ቦሎቄ ተሰጥቷት ነበር። ኩባያዋን በሁለት እጇ ሸፍናዋለች፤ እኔን አታየኝም፤ የምታየው ጥብጣቤን ነው። አይቼ እንድገምታት ነበር የተጠበቀው።

ጥብጣቡን አወለቅኩት። ሚስ ዴልጋዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ኩባያዬ ውስጥ ያለውን ቦሎቄ ከወሰድኩበት ሰው ሁሉ ኩባያ እየዞርኩ መለስኩ። ማን ስንት እንደሰጠኝ በትክክል አላውቅም፤ በግምት ጨመርኩላቸው። ሚስ ዴልጋዶ በዓይኗ ተከተለችኝ እንጂ አላስቆመችኝም።

በእረፍት ሰዓት ስለ እንስራዎቹ ለኪያራ ነገርኳት። በእንግሊዝኛ "ጃር" ከማለት የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ኪያራ ግን ወዲያው ገባት። "እኛም ኩባያ አለን" አለች። ለሁሉም የነገረችው እሷ ናት፤ እኔ እንዲያ ያለ አፍ የለኝም።

ስንመለስ የክፍሉ ኩባያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ። እርሳስ የቀረጸ የለም። ውኃ የጠጣ የለም። በተሰበረ እርሳስ፣ ወረቀት ሲያልቅብን በእጃችን ላይ ጻፍን። ኢታን ጥብጣቡን እንዳሰረ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ ቀረ። የሚወስደው ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸው መጡ። ሚስተር ሃርሎው የወርቅ ወረቀት ዘውድ ደፍተው፣ የሆነ ቀይ ብርድ ልብስ ለብሰው በሩን ከፈቱ። "ለንጉሣችሁ ተነሡ" አሉ። ማንም አልተነሣም። ሳቅ አሉና ደገሙት። ማንም አልተነሣም። ሦስተኛ ጊዜ ሲናገሩ ዘውዱን አወለቁት። "እሺ፣ ጨዋታው አልቋል፤ አሁን ተነሡ" አሉ። እኛ ግን ጨዋታው የት ላይ እንዳለቀ አላወቅንም። ዘውዱን ማውለቃቸውም የጨዋታው አንድ ክፍል መሰለን። አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። ፊታቸው ሲቀላ ነው ነገሩ የምር እንደሆነ የገባኝ፤ ያኔ ደግሞ መነሣት የባሰ ከበደኝ።

"ይህን ማን ጀመረው?" አሉ።

እጄን አወጣሁ። ኪያራም አወጣች፤ እሳቸው ያዩት ግን የእኔን ነው።

እናቴ ሪችመንድ ሥራ ላይ ሳለች ተደወለላት። ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሮ ተያዘ። እትዬ ቤት አልቀርም ስላሉ አብረውን መጡ። እናቴ መኪና ውስጥ እያለቀሰች አልነበረም፣ ግን ድምፅዋ እንደዚያ ነበር። "እኔ በዚህ አገር ለማንም አለቃ ቀና ብዬ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ ነው ያሳደግኩሽ። ይቅርታ በይና ይለቅ" አለችኝ። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ኋላ አይታ "እትዬ፣ እባክዎ ልጄን አያሳምፁብኝ" አለች።

እትዬ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

ቢሮው ውስጥ አምስታችን ተቀመጥን። ሚስ ዴልጋዶ ልጆቹ ትምህርቱን በደንብ እንደተረዱት እንደሚሰማት ተናገረች፤ ድምፅዋ ግን ደከም ያለ ነበር። ሚስተር ሃርሎው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አሁን ይበልጥ አውቃለሁ። ጨዋታ ጨዋታ ነው አሉ፤ አዋቂ ተነሡ ሲል ግን መነሣት ነው። በክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካልጠየቅኩ አንድ ሳምንት እረፍት አልወጣም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ይቅርታ ትጠይቂያለሽ?" አሉ።

እናቴን አየኋት። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። አፌን ስከፍት የወጣው እንግሊዝኛ አልነበረም። "እምቢ" አልኩ።

ሚስተር ሃርሎው ወደ እናቴ ዞሩ። "ምን አለች?"

እናቴ ልታድነኝ ትችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት፤ ሶሪ አለች ብትል ማንም አያውቅባትም። እትዬ የተባለው ሁሉ ባይገባቸውም ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ቀንበር እንደተጫነበት በሬ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። እናቴ ዞራ አየቻቸው።

"ኖ ነው ያለችው" አለቻቸው እናቴ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠች። "የልጆቹን መልሳላቸዋለች። አደረገችው የምትሉት ሌላ ጥፋት ካለ ንገሩኝ። ለዚህኛው ግን እኔም ኖ ነው የምለው።"

እናቴ ከአለቃ ጋር እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ሚስተር ሃርሎው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንግዲያው አንድ ሳምንት እረፍት የለም" አሉ። "እሺ" አለች እናቴ። እኔም እሺ አልኩ።

መኪና ውስጥ ስንገባ "ልክ እንደ ሙሉጌታ" አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን።

እናቴ ቁልፉን እንዳዞረች "ሙሉጌታ ማን ነው?" አለች።

"ባሌ ነዋ" አሉ እትዬ።

"ባልዎ በወባ አይደል የሞቱት?"

"ወባ ብንል ይሻላል ተባለ። ያኔ የሽፍታ ዘመድ መባል ለልጆቹ አይበጅም ነበር። በኋላ ደግሞ ወባው ለመደብን።"

እናቴ ሞተሩን አጠፋችው። ስልኳን አውጥታ ሪችመንድ ደወለችና ዛሬ አረፍዳለሁ አለች። ምክንያት አልሰጠችም። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዞራ ወደ ኋላ አየች፤ እትዬም ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ሳክራሜንቶ እንዳልሄደ ገባኝ። እናቴ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ረጅም እጇን ዘርግታ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች፣ እንደ ሕፃን።

ያንን ሳምንት እረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ኪያራ የሥዕል ደብተሯን ይዛ አብራኝ ቀረች። በማግስቱ ሌሎችም ቀሩ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ውጭ ከሚጫወተው ክፍል ውስጥ የሚቀረው ይበልጥ ነበር፤ ሚስ ዴልጋዶም ምሳዋን እኛ ጋ ትበላ ጀመር። ጨዋታውን እዚያው ዘጋችው። ቦሎቄው ተሰብስቦ ተጣለና በምትኩ የክፍላችንን ሕግ ራሳችን ተከራክረን አወጣን። እርሳስ መቅረጽ በነፃ ሆነ። ወረቀታችንን በሻይ የነከርነው ያኔ ነው።

እትዬ አንደኛው ዓይናቸው ተሠርቶ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ሚስ ዴልጋዶ ክፍል እንዲመጡ ጠየቀቻቸው። መጡ። በተሠራው ዓይናቸው እያንዳንዱን ልጅ አዩ፤ የኪያራን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አዩ። ታሪኩን ተናገሩ፣ እኔ አስተረጎምኩ። ስለ ሙሉጌታም ነገሯቸው።

ኢታን እጁን አወጣ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ብዙ አይናገርም ነበር። "ግብር ሰብሳቢዎቹ ምን ሆኑ?" አለ።

እትዬ ጥያቄውን ስነግራቸው ልጁን ፈልገው አገኙት። "አንደኛውን በዓመቱ አየሁት" አሉ። "ታሞ ጠበል ሲሄድ ነው። ብቻውን ነበር፣ በእግሩ። ደጄ ላይ ቆሞ ውኃ ለመነኝ። ቀድቼ ሰጠሁት።"

ኪያራ እጇን አላወጣችም። "ለምን?" አለች። "ባልሽን ገድለውብሽ።"

አስተረጎምኩ።

"ጠምቶት ነበር" አሉ። "ለግብሩ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ጠብታ አላቀምሰውም ነበር። ዛሬም ቢመጣ አላቀምሰውም።"

ለክፍሉ ነገርኩ። ኢታን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን አየ፤ ኪያራ እርሳሷን አነሣች።

እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"የመጨረሻውንም?"

"የመጨረሻውንም።"

"እንግዲያው ተነሺ፣ እንሂድ" አሉኝ፤ በዚያን ቀን ትከሻዬን ሳይዙ ከፊቴ ቀድመው ወጡ።